ክኒኑን እየዋጥኩ ደሜ ለምን አልጨመረም?

ሰሞኑን ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ። ደም ማነስ አለባችሁ ተብለው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን የጀመሩ አንባቢዎች ወይ ለውጥ አላዩም፣ ወይ ለውጥ ሳያዩ ትተውታል። በጤና ጣቢያ «አይረን ፎሌት»፣ በሰፈር ደግሞ «የደም ክኒን» የሚባለው ይኸው ክኒን ርካሽና ብዙ ዘመን የተፈተነ መድኃኒት ነው። ሳይሠራ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የክኒኑ ሳይሆን የአወሳሰዱ ነው። አለዚያም ደም ማነሱን ያመጣው ነገር ገና አልተነካም ማለት ነው። መልሶቻችንም በአብዛኛው እዚያ ላይ ያተኩራሉ።

ጥያቄ፦ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በአራተኛው ወር ክትትል ስጀምር ሄሞግሎቢኔ (ደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) 9.8 ነው ተብሎ በቀን ሁለት ፍሬ ታዘዘልኝ። ጠዋት ቁርሴን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ እውጣለሁ። አንድም ቀን አላጓደልኩም። ትናንት ስለካ 10 ብቻ ሆነ። የሰጡኝ ክኒን ጊዜው ያለፈበት ይሆን? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ክኒኑን ከመጠርጠርዎ በፊት ቡናውን ይጠርጥሩ። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው የሚያጠብቅ ነገር፣ ያ ጥርስና ምላስ ላይ የሚሻክረው፣ ብረቱን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል። የተያዘ ብረት ወደ ደም አይገባም፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሻይ በዚህ ከቡናም ይብሳል። ቡና ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ብዙም እንደማይጎዳ፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ልክ አብሮ እንደተጠጣ ያህል እንደሚያጎድል በምርምር ታይቷል። እንግዲህ የእኛን ቡና ያስቡት። ከአቦል እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ቁርስ እንዳለቀም ነው የሚቀርበው። ሁለቱ ክኒኖች የሚወድቁት እዚያ መሐል ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን ይቀይሩት። ለብዙ ሴቶች የሚመቸው ማታ ከመተኛት በፊት ነው፤ እራት ከተበላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ በተጨመቀበት አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሎሚው ብረቱ እንዲሟሟና እንዲገባ ይረዳል። ወተት፣ እርጎ፣ የካልሲየም ክኒንና የጨጓራ ማስታገሻ ከእሱ በሁለት ሰዓት ይራቁ። ቡናውን ተይው የሚልዎት ሰው ካለ አይስሙት፤ ማታ ለሚዋጥ ክኒን የጠዋት ቡና አያሰጋም። የከሰዓቱም እራት ከመድረሱ በፊት እስካለቀ ድረስ ችግር የለውም።

ሁለቱን ፍሬ አንድ ላይ መዋጥ ይችላሉ። ጠዋትና ማታ መክፈል ወደ ደም የሚገባውን ብረት አይጨምርም፤ ሆድ ለሚያማት ሴት ግን ይቀላል። ጠዋት የሚዋጠው ፍሬ ከተነሡ በኋላ በባዶ ሆድ፣ ከቁርስና ከቡና ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይሁን።

ቀጥሎ ክኒኑን ራሱን አገላብጠው ይዩት። ለነፍሰ ጡር በተለምዶ የሚሰጠው አንዱ ፍሬ 60 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው። ደም ማነስ ለሌለባት ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ይበቃል። ላለባት ሁለት፣ ማለትም 120 ሚሊ ግራም፣ ሄሞግሎቢኗ እስኪስተካከል ይሰጣታል፤ ከዚያ ወደ አንድ ትመለሳለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፋርማሲ ሲገዛ ነው። እሽጉ ላይ በትልቁ የተጻፈው የጨው ክብደት እንጂ የብረቱ ላይሆን ይችላል። 300 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት ውስጥ ያለው ብረት 60 ያህል ነው። 200 ሚሊ ግራም ፌረስ ፉማሬት 65 ያህል ይይዛል። 300 ሚሊ ግራም ፌረስ ግሉኮኔት ግን 35 ብቻ። ሦስቱን «ሦስት መቶ ነው፣ ሁለት መቶ ነው» ብሎ ማወዳደር ያሳስታል። የነፍሰ ጡር መልቲቫይታሚን የሚባሉትም ብዙዎቹ 30 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ብረት አላቸው፤ ደም ማነስን ለማከም አይበቁም። «ኤለመንታል አይረን ስንት ነው?» ብለው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ፤ መልሱ ከእሽጉ ወይም ከውስጡ ወረቀት ይገኛል። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ወይም እርጥበት ያወጣ ክኒን ካገኙ ደግሞ ይመልሱት።

ቁጥሩንም በደንብ እናንብበው። የነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ11 ግራም ሲያንስ ደም ማነስ ይባላል። ይህ መለኪያ ግን የባሕር ወለል አጠገብ ላለ ሰው የተቀመጠ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የደጋ ሰው ደም በተፈጥሮው ትንሽ ከፍ ይላል። ለዚህ ከፍታ ከተለካው ላይ ቢያንስ 0.8 ግራም መቀነስ ተገቢ ነው። የእርስዎ 10 በዚህ ስሌት 9.2 ነው። 11.4 ተብላ «ደህና ነሽ» የተባለች ጎረቤትም ስትሰላ 10.6 ትሆናለች። በሌላ በኩል በእርግዝና መካከለኛ ወራት የደሙ ውሃ ከቀይ ሴሎቹ ፈጥኖ ስለሚጨምር ደም ይቀጥናል። ስለዚህ 9.8 የነበረው ሳይወርድ 10 መሆኑ ክኒኑ ጨርሶ አልሠራም አያሰኝም። ሁለት ፍሬ በሚገባ ከገባ ግን ከዚህ የተሻለ ይጠበቃል።

አወሳሰዱን ካስተካከሉ በኋላ በአራት ሳምንት እዚያው በተለኩበት ቦታ ይለኩ፤ ማሽን ከማሽን ይለያያል። ቢያንስ 1 ግራም መጨመር አለበት። ካልጨመረ ክኒን ላይ ክኒን መደረብ መልስ አይሆንም። ሰገራ ለመንጠቆ ትል፣ ደም ለወባ ይመርመር። ለመንጠቆ ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል (400 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ) ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ለነፍሰ ጡርም ይሰጣል፤ እርስዎ ያን ጊዜ አልፈዋል። ክኒን ሆዷ አልችል ላላት፣ ወይም መውለጃዋ ለተቃረበ ሴት በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ። ከ7 በታች የወረደ ሄሞግሎቢን ደግሞ የሆስፒታል ጉዳይ ነው። ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ልብዎ ያለ ሥራ ከመታ ወይም ራስዎን ከሳቱ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ክኒኑን ከጀመርኩ ሳምንቴ ነው። ሰገራዬ እንደ ከሰል ጠቆረ፣ ሆዴ ደረቀ፣ ያቅለሸልሸኛል። ውስጤን እያቆሰለው ነው ብለው አስፈራሩኝ። ላቁመው? (ከደባርቅ)

መልስ፦ አያቁሙት። የጠቆረው ወደ ደም ያልገባው ብረት ነው። ከተዋጠው ውስጥ የሚገባው ትንሹ ነው፤ በግምት አንድ አሥረኛው። የቀረው ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ሲወጣም ያጠቁራል። መጥፎውን ጥቁር ለመለየት ይህን ያስተውሉ፦ የብረቱ ጥቁር ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ቅርጹን የያዘ ነው፣ ሽታውም ከወትሮው ብዙ አይለይም። ከጨጓራ የሚፈስ ደም ግን እንደ ሬንጅ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ውሃ ሲደፉበት ዳር ዳሩ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ ሽታውም የማይረሳ ክፉ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከታየ፣ በተለይ ማዞር ካለው፣ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ለማቅለሽለሹ መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ ማታ ይውሰዱት፤ ሰው ተኝቶ አያቅለሸልሸውም፣ ቢያቅለሸልሸውም አያውቀውም። ካልሆነ ከትንሽ ምግብ ጋር ይዋጡት። በምግብ የተዋጠ ብረት በባዶ ሆድ ከተዋጠው ያነሰ ይገባል፤ ግን ተውጦ በከፊል የገባ ብረት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠው እጅግ ይበልጣል። ሁለት ፍሬ የታዘዘላት ሴት ለአራት ለአምስት ቀን በአንድ ጀምራ፣ ሆዷ ሲለምድ ወደ ሁለት ልትወጣ ትችላለች። ይህን ግን ለሰጣት ባለሙያ ትንገር።

ለድርቀቱ ውሃ ያብዙ። ጎመንና የተቀቀለ ምስር ይብሉ፤ በውሃ የተዘፈዘፈ ተልባም ለሆድ ጥሩ ነው። ተልባውን ግን ክኒኑ በሚዋጥበት ሰዓት አይጠጡት። ሰገራ ሲመጣ አለማቆየትም ይረዳል፤ ሽንት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ እየተቆየ የሚጠነክር ድርቀት ብዙ ነው።

በየሰው የምንሰማው ስህተት ደግሞ አለ፦ ክኒኑ አቃጠለኝ ብሎ በወተት መዋጥ። ቃሩ ይበርድ ይሆናል፤ ብረቱ ግን እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ እኛ ከልጅነታችን ቀይ ጤፍ ነው የምንበላው፤ ጤፍ ብረት ሞልቶታል ይባላል። ታዲያ ደም ማነስ ከየት መጣብኝ? ቀይ ስር ጨምቄ ብጠጣበትስ? (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ ጤፍ ብረት አለው፤ ሲለካ የሚወጣው ቁጥር ግን ሁሉም የእህሉ አይደለም። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ አፈሩ አብሮት ይገባል፣ ታጥቦም ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። ላቦራቶሪው የሚለካው የአፈሩንም ብረት ጭምር ነው። የአፈር ብረት ለሰውነት ብዙም አይረባም። የእህሉ የራሱ ብረትም ቢሆን ፋይቴት በሚባል ነገር የታሰረ ነው። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ሊጥ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ በእርሾ ለሁለት ለሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ፋይቴቱን ያሳንሰዋል። ቶሎ ቶሎ የተጋገረ፣ በደንብ ያልኮመጠጠ እንጀራ ይህን ጥቅም ያጣል።

ምግብዎን ሳይቀይሩ ማሻሻል ይችላሉ። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ይጭመቁ። ከሽሮው ጎን ጥሬ ቃሪያ ይኑር፤ ቃሪያ በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው፣ ከተቀቀለ ግን ይቀንሳል። አቅም ሲኖር ትንሽ ሥጋ የራሷን ብረት ብቻ ሳይሆን የእንጀራውንም ብረት ታስገባለች። ቡናውን ከምግቡ ያርቁት።

ቀይ ስር ግን ቀለሙ ነው ያታለለን። 100 ግራም ቀይ ስር ከ1 ሚሊ ግራም ያነሰ ብረት ነው ያለው፤ 0.8 ያህል። ነፍሰ ጡር በቀን 27 ሚሊ ግራም ትፈልጋለች፤ ከቀይ ስር ላግኘው ብትል ከሦስት ኪሎ በላይ ማለቅ አለበት። ይብሉት፣ ጥሩ አትክልት ነው። ክኒኑን ግን አይተካም።

አንድ ነገር ደግሞ አካባቢዎን ስላወቅን እንጨምር። የደምቢያ እርሻ እርጥብና ጭቃማ ነው። በባዶ እግር ማሳ ለሚውል ሰው መንጠቆ ትል በእግር ቆዳ ይገባና አንጀት ላይ ተንጠልጥሎ በየቀኑ ደም ይመጣል። በጎርጎራ በኩል ጣና ውሃ ውስጥ ለሚገባ ደግሞ ብልሃርዚያ አለ፤ እሱም በሰገራ ደም ያስወጣል። ከላይ እየሞሉ ከታች የሚያፈስ እንስራ አይሞላም። የሰገራ ምርመራ ያድርጉ፤ ትል ከተገኘ መድኃኒቱንም ክኒኑንም ይውሰዱ፣ ማሳ ሲወርዱም ጫማ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም ሲገባ ክኒን መዋጡ ጾም ይሽርብኛል ብዬ ተውኩት። ከዚያም ጸበል ገባሁ፤ መድኃኒትና ጸበል አብሮ አይሄድም አሉኝ። አሁን ደክሞኛል። (ከአራዳ)

መልስ፦ ስለ ጾሙ መንፈሳዊ ውሳኔ የሚሰጡት የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ መታመምዎን ደብቀው ግን አይጠይቁ። «ደም ማነስ አለብኝ፣ ክኒን ታዞልኛል» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑም ይጨምሩ። በእኛ በኩል የምንለው ክኒኑ የቀን ሰዓት የግድ እንደማይፈልግ ነው። 55ቱንም ቀን ማታ ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ ቢዋጥ የቀኑ ጾም አይነካም። በረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው፤ ከኢፍጣር (ከጾም መፍቻ) ምግብ ቆየት ብሎ ወይም ከመተኛት በፊት።

ጸበል ቢጠጡም ቢጠመቁም ክኒኑን አያበላሸውም፤ ቢፈልጉ ክኒኑን በጸበሉ ይዋጡት። የሚጎዳው ለሳምንታት ማቋረጡ ነው። ወደ ጸበል ቦታ ሲሄዱ የሚቆዩበትን ቀን ቆጥረው ክኒኑን በደረቅ ክዳን ባለው ዕቃ ይያዙ።

ጾምን በተመለከተ ሌላም መነገር ያለበት አለ። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የማይበላ ሰው ብረት ብቻ ሳይሆን ቫይታሚን ቢ 12ም ሊያጣ ይችላል፤ እሱ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ምልክቱ ከድካሙ ጋር የእግር ጣት መደንዘዝ፣ መውረር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ነው። ይህ ያለበት ሰው 5 ሚሊ ግራም የሆነውን ትልቁን የፎሊክ አሲድ ክኒን ለብቻው ከፋርማሲ ገዝቶ አይዋጥ። ደሙ ይሻሻልለትና የነርቩ ጉዳት ሳይታወቅ ይቀጥላል። መጀመሪያ ይመርመር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ ሁለት ወሩ ነው። ገርጥቷል፣ ከስቷል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል፤ ማታ ማታ ያተኩሰዋል። ደም ማነስ ነው ብለን የደም ክኒን ገዝተንለት አንድ ወር ዋጠ። ለውጥ የለም። (ከማክሰኚት)

መልስ፦ ክኒኑን ትታችሁ ዛሬ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ይህ በብረት የሚድን ደም ማነስ አይመስልም። ከቆላ የተመለሰ ወጣት፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳት፣ በግራ የጎድን አጥንት ሥር ያበጠ ሆድ፤ እነዚህ ሲገናኙ በቅድሚያ የሚፈራው ካላ አዛር ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ የመተማና የሁመራ ቆላ ይታወቅበታል። ያበጠው ጣፊያው ነው። ጣፊያና መቅኔ ሲያዙ ደም ያንሳል፤ ብረት ጎድሎ አይደለም። ስለዚህ ብረቱን ቢያፈሱለትም ደሙ አይነሣም። ሳይታከም የቀረ ካላ አዛር ይገድላል፤ በጊዜ የተያዘ ግን ይድናል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ምርመራና ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል አለው። ስትሄዱ «ከመተማ የመጣ ነው» የሚለውን ቃል አስቀድሙ፤ ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ምርመራ የሚመራው እሱ ነው። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። ወባም አብሮ ይታያል።

ለወንዶች ሁሉ ይህን እንጨምር። ሴት ልጅ በወር አበባና በእርግዝና ብረት ታጣለች። አዋቂ ወንድ ይህ ስለሌለበት ሄሞግሎቢኑ ከ13 በታች ሲወርድ የሆነ ቦታ ደም እየፈሰሰ ወይም በሽታ እየሠራ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሳይመረመሩ ክኒን መግዛት ወር ያስባክናል፤ የወንድምህ ወር እንደባከነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ክኒኑን ወር ወስጄ ሲሻለኝ አቆማለሁ፤ ከሁለት ወር በኋላ ድካሙ ይመለሳል። ይህ ሦስተኛዬ ነው። ጨጓራም ስላለብኝ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። (ከማራኪ)

መልስ፦ እህታችን፣ የሚያቆሙት ልክ ጎተራው መሞላት ሊጀምር ሲል ነው። ብረት ሲገባ ሰውነት መጀመሪያ ለቀይ ደም ሴሎች ይሰጣል። አሥር ቀን ሳይሞላ አዳዲስ ሴሎች ይወጣሉ፣ በሁለት በሦስት ሳምንት ጉልበት ይመለሳል፣ ሄሞግሎቢኑ ሙሉ ለመሆን ግን ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈልጋል። ክምችቱ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ሦስት ወር መቀጠል ያስፈልጋል። ደህና ነኝ በሚሉበት ወቅት የሚዋጠው ነው እንዳይመለስ የሚያደርገው። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ የክምችቱን ልክ ያሳያል፤ አቅም ካለ ከማቆምዎ በፊት ያሠሩት።

ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል፤ ብረት ደግሞ ለመሟሟት አሲድ ይፈልጋል። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ብረቱ ይጎዳል። «ጨጓራ ነው» ተብሎ ለወራት የሚወሰድ ኦሜፕራዞል በሐኪም ይታይ፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተመርምሮ ካለ ይታከም። ባክቴሪያው ራሱ ብረት እንዳይገባ ያደርጋል፣ ቁስሉም ቀስ እያለ ይደማል። የወር አበባ ሕመም ሲመጣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩ፤ ጨጓራን ያደማሉ።

የወር አበባዎን ደግሞ ይቁጠሩት። ከሰባት ቀን ካለፈ፣ ሞዴስ በየሰዓቱ መቀየር ካስፈለገ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ካለ የማሕፀን ሐኪም ይየው። መንስኤው እሱ ከሆነ ሦስት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሠላሳ ጊዜም ቢጀምሩ ይመለሳል።

በየቀኑ መዋጥ ሆድዎን ካስቸገረ፣ እርጉዝ ላልሆነችና ደም ማነሷ ቀላል ለሆነ ሴት አንድ ቀን እያለፉ መዋጥም የሚሠራ መንገድ ነው። ብረት የተዋጠ ዕለት ሰውነት በሩን ለአንድ ቀን ያህል ይዘጋል፤ ሲከፈት የሚመጣው የተሻለ ይገባል። ጊዜው ግን ይረዝማል። ነፍሰ ጡር ይህን በራሷ አታድርገው።

ለሌላ ሕመም ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘልዎ ከብረቱ ጋር አንድ ላይ አይዋጡት፤ ብረቱ አንቲባዮቲኩን አስሮ ይሰርቀዋል። የእንቅርት ክኒን የሚወስዱ አንባቢዎችም አራት ሰዓት ያራርቁ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ የእኔን ክኒን ከረሜላ መስሎት ሲያኝክ ደረስኩበት። ስንት እንደዋጠ አላውቅም። አስመለሰው፣ ከዚያ ግን ደህና ሆኖ ተጫወተ። ለወደፊቱ ምን ላድርግ? ለእሱ የታዘዘውን ሽሮፕስ እንዴት ልስጠው? (ከወገራ)

መልስ፦ ልጅዎ ስለተረፈ ደስ ብሎናል። ደግሞ ቢሆን ግን «ደህና ሆኖ ተጫወተ» የሚለው እንዳያታልልዎት። ብዙ ብረት የዋጠ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ደም ሊቀላቀልበት ይችላል። ከዚያ ጋብ ይላል፤ እናት ተሻለው ትላለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ብረቱ ጉበትና ልብ እየጎዳ ነው፤ ሕፃኑ በማግስቱ ሊወድቅ ይችላል። መጠኑን እንየው፦ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 60 ሚሊ ግራም ብረት ያለበትን ክኒን አሥር ፍሬ ቢውጥ በኪሎ 60 ሚሊ ግራም ደረሰ ማለት ነው። ይህ ሕይወት የሚያሰጋ መጠን ነው። ከሦስት ከአራት ፍሬ ጀምሮም ያሳምማል። ጣት ከተው አያስመልሱት፣ ከሰልም ብረትን አይዝም። የቀረውን ክኒን ከነዕቃው ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ስንት ፍሬ እንደጎደለ መቁጠር ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

አብዛኛው የብረት ክኒን ቀይ ወይም ቡናማ ሽፋን ያለው ነው፤ ከልጅ ዓይን ከረሜላ ነው። ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ትራስ ሥር ማድረግ፣ ወይም የቡና ረከቦት አጠገብ መተው ይቅር። ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ከፍ ብሎ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። በልጅ ፊትም «ከረሜላዬን» እያሉ አይዋጡ።

ሽሮፑን በኪሎ ነው የሚሰጡት። ደም ማነስ ላለበት ሕፃን በተለምዶ በቀን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ብረት ይታዘዛል፤ ለ10 ኪሎ ልጅ 30 ሚሊ ግራም። ጠርሙሱ «በ5 ሚሊ ሊትር 30 ሚሊ ግራም ኤለመንታል አይረን» ካለ አንድ የመለኪያ ማንኪያ ነው። የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ስለሚለያይ በመርፌ መስጫው ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌው፣ ይለኩ። ጠብታ ተብሎ የሚሸጠው ከሽሮፑ ብዙ እጥፍ የጠነከረ ሊሆን ስለሚችል የአንዱን ልክ ለሌላው አይጠቀሙ። ሲሪንጁን ወደ ጉንጩ ውስጥ፣ ወደ ኋላ አድርገው ቀስ ብለው ይግፉ፤ ከዚያ ውሃ ያጠጡት። ጥርሱን የሚያጠቁረው ፊት ለፊት ሲፈስ ነው፤ ጥቁረቱ ሲቦረሽ ይለቃል። ልጁ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቶ ፕላምፒ ነት የሚበላ ከሆነ ብረት በውስጡ ስላለ ሽሮፑን ያለ ባለሙያ ፈቃድ አይደርቡ።

ጥያቄ፦ ሚያዝያ ላይ እንጋባለን፤ ቶሎ መውለድ እንፈልጋለን። ክኒኑን ስጸንስ ልጀምር? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ፎሊክ አሲዱን አሁን ይጀምሩ። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ከጽንሰት በኋላ በ28 ቀን ይዘጋል። ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ መጽነሷን አታውቅም፤ ክትትል ስትጀምር በሩ ተዘግቷል። ከጽንሰት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ይበቃል። ከዚህ በፊት ጀርባው ክፍት ወይም ራሱ ውሃ የቋጠረ ልጅ የወለደች፣ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን ከዚህ የበዛ ሊያስፈልጋት ስለሚችል ሳትጸንስ ሐኪም ታማክር።

ጥያቄ፦ ክኒኑ ልጁን ያገዝፍና ምጥ ያከብዳል ይላሉ። ደግሞስ ወልጄ የተረፈኝን ልጣለው? (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ልጅ የሚገዝፈው በብረት ክኒን አይደለም። እጅግ ለገዘፈ ልጅ በዋናነት የሚጠረጠረው የእናት ስኳር በሽታ ነው። ደም ያነሳት እናት ግን ያለ ጊዜዋ የመውለድ፣ ክብደቱ ያነሰ ልጅ የማግኘት ዕድሏ ይጨምራል። ስትወልድ የሚፈሳት ትንሽ ደም እንኳ ይከብዳታል፤ ሌላዋ የምትቋቋመውን እሷ አትቋቋመውም። ምጥን የምትፈራ ሴት ክኒኑን ለመዋጥ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያሻትም።

የተረፈውን አይጣሉት። ከወሊድ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በቀን አንድ ይቀጥሉ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰዎት ወይም ሲወልዱም ደምዎ አንሶ ከነበረ ተለክቶ ይወሰንልዎ። ጡት ለሚጠባው ልጅ አይጎዳም። አራስ ቤት ግን ገንፎውና አጥሚቱ፣ እንግዳውና ቡናው ቀኑን ሁሉ ስለማይቋረጥ የክኒኑ ሰዓት የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። ሌሊት ሕፃኑ ለጡት ሲነሣ፣ ከጎንዎ በተቀመጠ ውሃ ይዋጡት።